ለሎስ አንጀለስ ፐብሊክ ዲፌንደሮች ምስጋና፣ ሰው ለታሰረበት ደግሞ ጥቆማ

ሰው ታሰረ ሲባል ሀበሻ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቤይል ቦንድ፣ ማለትም በክፍያ ዋስ ወደሚሆን ድርጅት ነው። እኛ ግን ምስጋናችን ለሎስ አንጀለስ ካውንቲ ፐብሊክ ዲፌንደር ጠበቆች፣ መክፈል ለማይችል ተከሳሽ መንግሥት ለሚያቆማቸው ጠበቆች ነው። "የነፃ ጠበቃ ምን ይረባል" የሚለውን ወሬ አትስሙ። ቢሮው በ1914 ሥራ የጀመረ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። ጠበቆቹ ውሏቸው ወንጀል ችሎት ነው፤ የኢሚግሬሽን ጣጣውን የሚያዩ ባልደረቦችም አሏቸው።

መጀመሪያ ሰውየው ይገኝ። የሸሪፉ ድረ ገጽ በስም ይፈልጋል፤ የኛ ሰው የሚቸገረውም እዚሁ ላይ ነው። ገብረመድህን አንድ ላይ ተጽፎ ይሁን ተነጥሎ፣ "ኤች" ይግባበት ይቅር፣ ላስት ኔም የተባለው አባት ይሁን አያት፣ መንጃ ፈቃዱን ሳያዩ አይታወቅም። በመንጃ ፈቃዱ ፊደል በፊደል ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ስሙን ግጠሙት ወይም ነጥሉት፣ በአያት ስምም ፈልጉ። ምዝገባው ራሱ ሰዓታት ስለሚፈጅ ስሙ አልወጣም ብላችሁ አትደንግጡ። ሲገኝ ቡኪንግ ቁጥሩን (የእስር ምዝገባ ቁጥሩን) ያዙ፤ ከዚያ ወዲያ በሁሉም ቦታ የምትጠየቁት እሱን ነው። ወንዶች ብዙውን ጊዜ ዳውንታውን ባውቼት ስትሪት ወዳለው ትዊን ታወርስ ወይም ሜንስ ሴንትራል እስር ቤት፣ ሴቶች ሊንውድ ወዳለው እስር ቤት ይወሰዳሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቤይሉ (የዋስትና ገንዘቡ) 50,000 ዶላር ከሆነ ቦንድ ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ፣ ማለትም 5,000 ይቀበላል። ያ ገንዘብ አይመለስም፤ ዐቃቤ ሕጉ ክስ ሳይመሠርት ቢቀርም እንኳ አይመለስም። ክስ ሳይመሠረት መቅረቱ ደግሞ ብርቅ አይደለም። የፈረመው ዘመድም ታሳሪው ቀጠሮ ከቀረ ለሙሉው ተጠያቂ ነው። ሙሉውን ለፍርድ ቤት ያስያዘ ግን ሰውየው ቀጠሮውን ካከበረ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለስለታል። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ በካውንቲው ከባድ ባልሆኑ ብዙ ክሶች ያለ ገንዘብ መለቀቅ አለ፤ ስለዚህ ቼክ ከመጻፋችሁ በፊት ጠብቁ። በነገራችን ላይ ሸሪፍ ደውሎ በዜል ወይም በጊፍት ካርድ ክፈሉ አይልም፤ እንዲያ ያለ ሌባ ነው።

ታሳሪው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፤ እሑድና በዓል አይቆጠሩም። አርብ ማታ የተያዘ ሰው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሊሆንበት ይችላል። ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ፐብሊክ ዲፌንደሩ ብዙ ጊዜ የሚመደበው እዚያው ችሎት ነው። እስከዚያ ወረቀት አዘጋጁ፦ የደመወዝ ስታብ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ከአሠሪ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ደብዳቤ። ከ2021 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሃምፍሪ ውሳኔ ወዲህ ዳኛው ቤይል ሲወስን የተከሳሹን አቅም ማየት ስላለበት ያ ወረቀት ለጠበቃው ትልቅ መሣሪያ ነው። ቤተሰብም ችሎት ተገኝቶ ይታይ።

አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፤ "የአማርኛ" ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ "ኢትዮጵያዊ" ብቻ ከተባለ የማይግባባው ሰው ሊመጣ ይችላል። የአጎት ልጅ አያስተርጉም። ዳኛ ፊት አንገት ደፍቶ "እሺ" ማለት ለኛ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን ጥፋተኛ ነኝ ማለት ሊሆን ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ትንሽ በምትመስል ክስ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ግሪን ካርዱን ሊያጣ ይችላል። ጠበቃው ይህን የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ወስኗል፤ ስለዚህ "ዜጋ አይደለሁም" ብሎ ለጠበቃው ብቻ ይንገር።

መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሐኪሙን ስልክ ጽፋችሁ ለእስር ቤቱ ሕክምና ክፍልም ለጠበቃውም ስጡ። ከካውንቲው እስር ቤት ስልክ መደወል ነፃ ሆኗል፤ ግን ጥሪው ይቀዳል። ስለ ልጆቹና ስለ ሥራው አውሩት፣ ስለ ተያዘበት ጉዳይ አንድ ቃል እንዳይወጣው።