ዘጠኝ ወር ከ15 ኢንች ቸርኬና ከትልቁ ፍሬን ጋር፦ የአሮጌዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ጣጣ

ለችኩል አንባቢ ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ቸርኬው ጥሩ ነው፤ ፍሬኑ ከጥሩም በላይ ነው። አብረው የመጡት የፕላስቲክ ቀለበትና ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ ገብቶ ወደ ውጭ የሚገፋው ጠፍጣፋ ብረት) ግን ከካርቶናቸው ባይወጡ ይሻል ነበር። ይህን ለመረዳት ዘጠኝ ወርና ወደ 11,000 ኪሎ ሜትር ፈጀብኝ፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹን ጊዜ ያላጠፋውን ስከስ ነው የኖርኩት።

መኪናዋ የ1991 (እ.ኤ.አ.) ኤምኤክስ-5 ናት፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር። ከፋብሪካ ስትወጣ ቸርኬዋ 14 ኢንች፣ ስፋቱ 5.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከስፋቱ መሃል ወደ ውጭ የሚርቅበት ልክ በሚሊ ሜትር፤ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል) 45 ነበር፤ ጎማዋ 185/60። የፊት ዲስኳ 235 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከ1994 ሞዴል ጀምሮ 1.8 ሊትር ሞተር ሲገባላት ፋብሪካው ራሱ ዲስኩን ከፊት ወደ 255፣ ከኋላ ወደ 251 አሳድጎታል። እኔም ያንኑ ትልቁን ዲስክ ከነካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ማቀፊያው በአራቱም በኩል ገጠምኩ። ቸርኬው ደግሞ 15 ኢንች በ7፣ ኦፍሴቱ 35፣ ጎማው 195/50። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከድሮው የሚለየው በ2 ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ የፍጥነት ቆጣሪው አይዋሽም።

ኦፍሴት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ከ45 ወደ 35 ሲባል «10 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ይወጣል» ብዬ ነበር። ስፋቱ ግን 1.5 ኢንች፣ ማለትም 38 ሚሊ ሜትር ጨምሯል፤ ይህ ጭማሪ ለሁለት ተከፍሎ 19 ወደ ውጭ፣ 19 ወደ ውስጥ ይሄዳል። በላዩ የኦፍሴቱ 10 ሲታሰብ የውጩ ጠርዝ 29 ሚሊ ሜትር ይወጣል፣ የውስጡ 9 ይገባል። ሻጩ «ካሊፐሩን እንዳይነካ» ብሎ የጨመረልኝ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ሲገባበት ውጩ 34 ደረሰ። መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ጉድጓድ ሲመታ ፓራፋንጎውን ሲፍቀው የሰማሁት ያኔ ነው።

ፍቅታው ግን ቀላሉ ነበር። ያደከመኝ መንቀጥቀጡ ነው።

ከ90 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ መሪው እጄ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፤ ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም ዝም። ሦስት ጊዜ ባላንስ አስደረግኩ። ሦስቴም ማሽኑ ዜሮ አሳየ፣ ሦስቴም መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ባለሙያውን በሆዴ ሳማው ከረምኩ። በኋላ ነው የገባኝ፦ ማሽኑ ቸርኬውን የሚይዘው በመሃል ቀዳዳው በኩል በሾጣጣ ብረት ነው፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ፍጹም መሃል ነው። መኪናዋ ላይ ሲሆን ግን ያ ቀዳዳ 73.1 ሚሊ ሜትር፣ የሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናዋ እምብርት) ጠርዝ 54.1። በመሃል ያለውን ክፍተት ይሙላ ተብሎ የተሰጠኝ ፕላስቲክ ቀለበት ነው። ስፔሰሩ ደግሞ የሞዞውን ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ይበላዋል፤ ለቀለበቱ የተረፈው የጥፍር ጫፍ የምታህል ናት። በዚህ ላይ የፍሬኑ ሙቀት ተጨምሮበት የፊት ግራው ቀለበት ተጣሞ እንቁላል መስሎ ነው ያገኘሁት። በ90 ኪሎ ሜትር ይህ ጎማ በሰከንድ 14 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ከመሃል ትንሽ የሸሸ ቸርኬ በሰከንድ 14 ጊዜ መሪውን ይገፋል ማለት ነው።

ስፔሰሩን ከማውጣቴ በፊት ግን ካሊፐሩን ፈራሁት። የልጄን ፕላስቲሲን ለምኜ (አረንጓዴውን ብቻ ነው የፈቀደልኝ) ካሊፐሩ ፊት ላይና ጀርባው ላይ በቁንጥር በቁንጥር ለጠፍኩ። ቸርኬውን ያለ ስፔሰር አስሬ በእጅ ቀስ ብዬ አንድ ዙር አዞርኩትና ፈታሁት። በቸርኬው ክንፎች በኩል ያለው የፕላስቲሲን ጭቃ የተጨፈለቀው እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእኔ 3 ቢሆንም ይበቃኝ ነበር። ስፔሰሩ ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር! በጀርባ በኩል ያለው ግን ሌላ ወሬ ነገረኝ፦ ጭቃው ላይ አራት ማዕዘን ጥርስ ታትሟል። ቸርኬው ውስጥ የተለጠፈው የባላንስ እርሳስ (ሚዛኑን የሚያስተካክለው ክብደት) ነው። ለአንድ ወር በየዙሩ «ጭ... ጭ... ጭ» ሲል የነበረውና ኩሽኔታ አለቀ ብዬ የጠረጠርኩት እሱ ነበር። እርሳሱን ከካሊፐሩ ራቅ አድርጎ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ በኩል ማስለጠፍ በቂ ሆነ።

ስፔሰር የግድ ለሚያስፈልጋችሁ አንድ ነገር፦ ዳዶውን ስታስገቡ ዙሩን ቁጠሩ። የዚህች መኪና የጎማ ቡሎን 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጥርሱ በየ1.5 ሚሊ ሜትሩ። ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር ካልገባ አትንዱት። 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ከሦስት ዙር በላይ ይሰርቃል።

ቀለበቶቹን በአሉሚኒየም ቀየርኩ። ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ሳይነካ በክሪክ እንደተነሳ በተቃራኒ በተቃራኒው ቀስ በቀስ አጥብቄ፣ መጨረሻውን በቶርክ መፍቻ 110 ኒውተን ሜትር ላይ አቆምኩ (የተፈቀደው ከ88 እስከ 118 ነው)። መንቀጥቀጡ በዚያው ቀን ጠፋ።

በአራተኛው ወር ሌላ መጣ፦ ፍሬን ስይዝ ብቻ ፔዳሉ እግሬን ይመታል። «ዲስኩ ተጣሟል፣ ይቀየር» ያላለኝ ሰው የለም። ይህን ፍርድ አልወደውም፤ ብዙ ጊዜ ዲስኩ አይጣመምም። ሰዓት የመሰለውን የመወዛወዝ መለኪያ አስጠግቼ ዲስኩን ሳዞረው 0.15 ሚሊ ሜትር ይወዛወዛል፤ ከ0.1 ማለፍ የለበትም። ፈታሁት። የሞዞው ፊት ላይ ቅርፊት የመሰለ ዝገት አለ፤ እኔው ራሴ ስገጥም «ምን ያመጣል» ብዬ የተውኩት። በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፍቄ፣ ዲስኩን አንድ ቀዳዳ አሽከርክሬ መለስኩት፤ 0.04። ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ቀን አልታወቀም? እንዲህ የሚወዛወዝ ዲስክ የፍሬን ሸራውን በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ይነካል፤ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ውፍረቱ ቦታ ለቦታ ይለያያል፣ እግር ላይ የሚሰማው ያኔ ነው። የእኔው ገና ስላልባሰበት በአዲስ ሸራ ዳነ።

የኋላ ግራው ትንሽ ጉዳይ ነበር። ከ20 ደቂቃ ጉዞ በኋላ በሙቀት መለኪያ ሳየው 95 ዲግሪ፣ ቀኙ 60። ጎማውን አንስቼ በእጅ ስገፋው ይከብዳል። የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ቡሎን ትንሽ ስከፍታት ጎማው ቢቀለኝ ኖሮ ጥፋቱ ግፊቱን የያዘው ያረጀ የፍሬን ጎማ ቱቦ ይሆን ነበር፤ አልቀለለም። የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ደርቆ ነበር፤ አጽድቶ የፍሬን ቅባት መቀባት ጨረሰው።

አሁን ላይ፦ ፍሬኑ ከድሮው ይልቅ በቁልቁለት አይደክምም፣ ፔዳሉም ጠንካራ ነው። መሪው በትንሹ ከብዷል፣ በሻካራ መንገድ ላይ ደግሞ 15 ኢንቹ ወገብ ያስታውሳል፤ ምቾት ለሚፈልግ 14ቱን አይቀይር እላለሁ። የቸርኬው ቀለም በፍሬን ብናኝ አልተበላም። ካሊፐሩ በኩል ያለው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ግን እርሳሱ ከካሊፐሩ ጋር ሲጋጭ የፋቀው ክብ ጭረት አሁንም አለ። ልቀባው ቀለም ገዝቻለሁ፤ ከገዛሁት አምስት ወሩ፣ ክዳኑ አልተከፈተም።