ባለ ሁለት ዲስክ ሚኒዲስክ መቅጃ ሲቀዳ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ

አሮጌ ባለ ሁለት ዲስክ ሚኒዲስክ (በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ያለ፣ ድምፅ የሚቀዳበት ትንሽ ዲስክ) መቅጃ የምታፈላልጉ ሁሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ የገዛሁት «ተፈትሿል፤ ከዲስክ ወደ ዲስክ አንዳች ሳይጎድል ይገለብጣል» ተብሎ የቀረበ መሣሪያ ነበር። ዲስክ በሚገባባቸው በሁለቱም በሮቹ ያጫውታል፤ ድምፁም ንጹሕ ነው። ወደ ባዶ ዲስክ እንዲቀዳ ሲታዘዝ ግን ቆጣሪው ጥቂት ይሮጥና የስህተት መልእክት ያወጣል፤ ዲስኩም እንደ ባዶነቱ ይቀራል።

ሻጩ ምን አለኝ? «መሣሪያው ደህና ነው፤ የከለከለህ የቅጂ መከላከያው ነው።» ይህ መልስ ብዙ ሰው ሊያሳምን ስለሚችል ነው ይህን የምጽፈው። መከላከያው በእርግጥ አለ። ኤስሲኤምኤስ ይባላል፤ ሥራውም የዲጂታል ቅጂን ቅጂ መከልከል ነው። ከሲዲ በዲጂታል መንገድ የተቀዳ ሚኒዲስክ ካላችሁ፣ ያንን ዲስክ ዳግመኛ በዲጂታል ወደ ሌላ ሚኒዲስክ ማስተላለፍ አትችሉም። ነገር ግን ክልከላው የሚሠራው በዲጂታል መስመር ላይ ብቻ ነው። በቀይና ነጩ የአናሎግ መግቢያ የሚመጣን ድምፅ አይነካም። ስለዚህ ልዩነቱን መለየት ቀላል ነው፤ ማንኛውንም የድምፅ ምንጭ በአናሎግ ገመድ አገናኙና ቅዱ። እንደዚያም ሆኖ ካልቀዳ የተበላሸው መሣሪያው ነው፤ ስለ መከላከያ የሚነገራችሁ ሁሉ ማምለጫ ነው። የእኔ መሣሪያ በአናሎግም አልቀዳም። ይህን ለሻጩ ካሳወቅኩት በኋላ መልስ የለም።

አጫውቶ ማሳየት ለምን ማረጋገጫ እንደማይሆን ማወቅ ይጠቅማችኋል። ሚኒዲስክ ሲጫወት ደካማ የሌዘር ብርሃን ዲስኩ ላይ አርፎ ሲመለስ ይነበባል፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ሲቀዳ ግን ሌዘሩ ኃይሉን በብዙ እጥፍ ጨምሮ የዲስኩን አንዲት ነጥብ ወደ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያሞቃታል። በዚያው ቅጽበት ከዲስኩ በላይ በኩል የምትወርድ ማግኔታዊ የመቅጃ ራስ የነጥቧን ማግኔታዊ አቅጣጫ ትወስናለች። በዕድሜ የደከመ ሌዘር ለንባብ በቂ ሆኖ ለመቅዳት ሊያንስ ይችላል። የመቅጃዋ ራስ ደግሞ በቀጭን ክንድ ላይ የተያዘች ስስ ነገር ናት፤ ክንዷ ከጎበጠ ወይም ሽቦዋ ከተበጠሰ መሣሪያው ሲጫወት ምንም ጉድለት አይታይበትም። ሻጮች የሚልኩት ቪዲዮ ሁልጊዜ ሙዚቃ ሲጫወት የሚያሳይ የሆነው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

«አንዳች ሳይጎድል» የሚለውም እውነት አይደለም። ሚኒዲስክ ድምፁን አትራክ በተባለ ዘዴ አምቆ ነው የሚያስቀምጠው። በሲዲ ላይ በሰከንድ 1.4 ሚሊዮን ቢት ገደማ የሚይዘው ድምፅ፣ በመደበኛው አቀዳድ ወደ 292 ሺህ ቢት ይወርዳል። በተለመደው አገለባበጥ የታመቀው ድምፅ መጀመሪያ ይፈታል፣ ከዚያ በሁለተኛው ዲስክ ላይ እንደገና ይታመቃል። ስለዚህ በየቅጂው ጥቂት ይጠፋል። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ ልዩነቱን ላትሰሙት ትችላላችሁ፤ ከቅጂ ቅጂ፣ ከዚያም ሌላ ቅጂ እያላችሁ ከሄዳችሁ ግን ይሰማል።

ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ ፈትሹ። ቢጠፉ የማይቆጯችሁ ሁለት ባዶ የመቅጃ ዲስኮች ይኑራችሁ። ሙዚቃ ተቀድቶባቸው ከፋብሪካ የወጡት ዲስኮች ሥሪታቸው የተለየ ስለሆነ ጨርሶ አይቀዳባቸውም። በአናሎግ ቅዱ፣ አቁሙ፣ ዲስኩን አውጡ፣ መልሳችሁ አስገቡና አጫውቱ፤ ከተቻለም በሌላ ማጫወቻ ላይ ስሙት። ማውጣቱን አትዝለሉ። መሣሪያው የትኛው ቅጂ የት እንዳለ የሚያሳየውን ማውጫ ዲስኩ ላይ የሚጽፈው በመጨረሻ ነው፤ ማውጫው ሳይጻፍ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ የተቀዳው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። እንዲሁም ሁለት በር ስላለው ሁለቱም ይቀዳሉ ብላችሁ አታስቡ፤ የትኛው እንደሚቀዳ መመሪያውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የረጅም ጊዜ አቀዳድ የተቀዱ ዲስኮች ካሏችሁ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ መሣሪያዎች ቆጣሪውን እያስኬዱ ዝም ይላሉ፤ ድምፅ አያወጡም።

አሠርተዋለሁ ብላችሁም አትጽናኑ። ሶኒ የሚኒዲስክ መሣሪያዎችን ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ የመቅጃ ዲስኮቹን ደግሞ በ2025። የሌዘር ክፍል የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከሌላ የሞተ መሣሪያ ተነቅሎ ነው፤ የዚያም ዕድሜ ያው ነው።

ከሁሉ በላይ የማስበው የወላጆቻቸውን ድምፅ ወይም የራሳቸውን የልምምድ ቅጂ ለማትረፍ ብለው ይህን መሣሪያ የሚገዙትን ሰዎች ነው። እባካችሁ፣ አንድና ብቸኛ የሆነውን ዲስክ ባልተፈተነ መቅጃ በር ውስጥ አታስገቡ። አስቀድማችሁ በዲስኩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ መከላከያ ቀዳዳዋ እስኪከፈት ግፏት፤ ያኔ መሣሪያው ሊጽፍበት አይችልም። ደግሞም ለማትረፍ ብቻ ከሆነ ባለ ሁለት ዲስክ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። በደንብ የሚያጫውት አንድ ማጫወቻና ከድምፅ መውጫው ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ አንድ ገመድ ይበቃል። ዘፈኑ በሚጫወትበት ፍጥነት መጠበቅ ግድ ነው፤ በምላሹ ግን ድምፁ በኮምፒውተር ላይ ያለ ተጨማሪ ኪሳራ የፈለጋችሁትን ያህል የሚባዛ ፋይል ይሆናል።

ቀረጻ በዲስክ ላይ ይቆይልኝ የምትሉ ካላችሁና ባለ ሁለት ዲስኩን መግዛታችሁ የማይቀር ከሆነ፣ ሻጩ ይህን በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ፦ «በአናሎግ መግቢያ ተቀድቷል፤ ዲስኩ ወጥቶ በሌላ ማጫወቻ ላይ ተሰምቷል፤ ይህ ካልሆነ ገንዘቡ ይመለሳል።» ይህን ለመጻፍ የሚያቅማማ ሻጭ ካጋጠማችሁ ድርድሩን እዚያው አቋርጡ።