በድሬዳዋ ገበያ «ለዓይን ድርቀት» ተብሎ ስለሚሸጥ ጠብታ

በድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ ውስጥ ባጃጅ እየነዳ ወይም ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ለሚውል ሰው፣ አሸዋ የገባበት ያህል ዓይንን የመቆርቆርና የመቆጥቆጥ ስሜት እንግዳ አይደለም። ይህንኑ የሚያውቁ አንዳንድ ነጋዴዎች በጠረጴዛ ላይ የዓይን ጠብታ ዘርግተው ከመድኃኒት ቤት ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ከፊራ በተባለው ገበያ አካባቢ የገዙትን ብልቃጥ አገላብጬ ስመለከት ያየሁትን ሌሎች ገዢዎችም እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ሻጩ «ዓይን የሚያረጥብ ነው» ቢልም፣ በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ንጥረ ነገር ናፋዞሊን ነው። ናፋዞሊን የዓይንን የደም ሥሮች አጥብቦ ቅላቱን ለጥቂት ሰዓት ያጠፋል እንጂ ድርቀትን አያክምም፤ ሲደጋገም ደግሞ የመድኃኒቱ ኃይል ባለቀ ቁጥር ዓይኑ ከቀድሞው ብሶ ስለሚቀላ፣ ተጠቃሚው መልሶ ለመጨመር ይገደዳል። በእኚህ እናት ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ የደም ግፊት ስላለባቸውም ያለ ሐኪም ምክር ሊወስዱት የማይገባ ነበር።

ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ትክክለኛው ማለስለሻ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ፣ ሃይፕሮሜሎስ ወይም ፖሊቪኒል አልኮል የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። ዴክሳሜታሶን (ስቴሮይድ የሚባል የመድኃኒት ዓይነት) የሚል ካያችሁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አትንኩት፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይንን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ)፣ እንዲሁም የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል።

የብልቃጡ ክዳን የማሸጊያ ቀለበት ተበጥሶ ነበር፤ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑም ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል። የዓይን ጠብታ ከጀርም የጸዳ መሆን ስላለበት ይህ ብቻውን ላለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከሰው ሠራሽ እንባ ጋር በተያያዘ የባክቴሪያ ወረርሽኝ 81 ሰዎች ተይዘው 4ቱ ሞተዋል፣ 14ቱ የማየት ችሎታቸውን አጥተዋል፤ ቁጥጥር በጠበቀበት አገር ይህ ከደረሰ፣ ፀሐይ ላይ ሲግል የዋለ፣ ማን እንደከፈተው የማይታወቅ ብልቃጥ ምን ሊያመጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ነጋዴው ደረሰኝ ስላልሰጠ ገንዘቡን ለማስመለስ አልተቻለም። ስለዚህ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት በደረሰኝ ግዙ፤ ከተከፈተ በኋላ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ አብዛኛው ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል። ከእንዲህ ዓይነት ጠብታ በኋላ ሕመም፣ መግል፣ ብርሃን መፍራት ወይም የእይታ መደብዘዝ ያጋጠመው ሰው ጠብታውን አቁሞ፣ ብልቃጡንም ሳይጥል ይዞ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።