በኮቪድ ጊዜ የገዛኋት የአየር መለኪያ፦ ምኗ ይጠቅማል፣ የት ላይ ታሳስታለች

የገዛኋት ከቤት አትውጡ በተባለበት ሰሞን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020። መኪና ከመንገድ ጠፍቷል፣ ሰዉ ሁሉ "ሰማዩ ጠራ" ይላል፣ ከህንዷ ጃላንዳር ከተማ ሆነው የሂማላያን ተራሮች ያነሱ ሰዎች ፎቶ ስልካችንን ሞልቶታል፣ እኔም እስቲ በራሴ መስኮት በኩል ያለውን ልየው ብዬ መዳፍ የምታህል የአየር ጥራት መለኪያ አዘዝኩ። የአምራቹን ስም አልጠራም። እንዲህ ዓይነት ዕቃዎች አሠራራቸው ተቀራራቢ ስለሆነ የምለው ለብዙዎቹ ይሠራል።

አሠራሯ ቀላል ነው። ትንሽ ፋን አየር ይስባል፣ ሌዘር ይበራበታል፣ ብናኙ ብርሃኑን ሲበትነው ያንን አይታ ትገምታለች። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ፒኤም 2.5 ነው፤ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኝ ማለት ነው። የሰው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ 20 እጥፍና ከዚያ በላይ ይወፍራል። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ይሄ ደቃቁ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት አናደደችኝ። ጎዳናው ጭር ብሏል፣ የወፍ ድምፅ ይሰማል፣ ቁጥሯ ግን እንደጠበቅኩት አልወረደም። ተበላሽታለች ብዬ ልመልሳት ነበር። ኋላ ላይ ሳነብ ለካ ጥፋቱ የሷ አይደለም። መኪና ሲቆም በደንብ የሚቀንሰው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፣ ሳተላይቶችም በዉሃንና በሰሜን ጣሊያን ሰማይ ላይ ሲወርድ ያዩት እሱን ነበር። ፒኤም 2.5 ግን ምንጩ ብዙ ነው፦ ምድጃው አለ፣ የከሰል ኃይል ማመንጫው አለ፣ አቧራው አለ፣ ደግሞም ጋዞች አየር ላይ እርስ በርስ ተዋህደው ራሳቸው ብናኝ ይሆናሉ። ቤጂንግ በየካቲት 2020 ሰው ቤቱ ተቀምጦ እያለ በጭጋግ መሰል ብክለት የታፈነችው ለዚህ ነው፤ ነፋስ ከሌለና እርጥበት ካለ ያለው እዚያው ይታመቃል። መሬት አጠገብ ያለው ኦዞን (እሱም በካይ ጋዝ ነው) ደግሞ ጭራሽ በብዙ ከተሞች ጨመረ፣ ምክንያቱም ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞንን ይበላው ነበር። ይቺ ዕቃ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱንም ኦዞኑንም አታይም። በደንብ የቀነሰውንም የጨመረውንም ሳታይ ነው እንግዲህ ስለ አየሩ የምትነግረኝ።

ያስደነገጠችኝ ግን ቤት ውስጥ ነው። ሁላችንም ቤት ስለዋልን ምድጃው አያርፍም። አንድ ቀን መጥበሻ ላይ ዘይት ጨሰብኝና ቁጥሩ ከ200 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ አለፈ፣ በዚያች ደቂቃ ውጭው 20 እንኳ አልሞላም። እኔ መንገዱን ስጠረጥር ጉዱ ለካ ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው! ለዚህ ብቻ ቢሆን እንኳ ገንዘቧን አስመልሳለች።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። እርጥበት አትችልም። ገላ ታጥቤ በር ስከፍት እንፋሎቱን ብክለት ነው ብላ ትጮሃለች፣ ጭጋግ ባለበት ጠዋትም እንደዚያው። ትልልቆቹ መለኪያ ጣቢያዎች ብዙዎቹ አየሩን አድርቀው ነው የሚለኩት፣ እሷ ያንን አታደርግም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቁጥርም ታሳያለች፣ ይሄኛው ግን እንደ አልኮል ካሉ ተናኝ ጋዞች ተነስታ የምትገምተው ነው፤ የእጅ ሳኒታይዘር አጠገቧ ስትቀቡ ክፍሉ የታፈነ ይመስል ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ሰሞን ደግሞ በቀን ስንቴ እንደምንቀባ ታውቃላችሁ። ክፍላችሁ በቂ አየር ያገኝ እንደሆነ ለማወቅ ከሆነ የምትገዙት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ራሱን የሚለካ ሴንሰር ያለው ፈልጉ።

ቀለሟም ያታልላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2021 የፒኤም 2.5ን የዓመት አማካይ መመሪያ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ፣ የ24 ሰዓቱን ከ25 ወደ 15 አወረደው። የኔዋ እስከ 35 ድረስ አረንጓዴ ናት፣ ዛሬም። ለአምራቹ ጻፍኩ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "አፑን አጥፍተው ያብሩት።"

ትልቁ ጉድለት ግን በአፕ አይስተካከልም። የብናኙን ምንነት አታውቅም። ከባሕር የመጣ ጨውና ከናፍጣ የወጣ ጥላሸት ለሷ ሁለቱም ብርሃን የሚበትን ነገር ናቸው፣ ለሳንባ ግን አንድ አይደሉም። ከፍሬንና ከጎማ የሚፋቀው ብናኝ ብረታ ብረት ይዞ ይመጣል፣ ጥላሸቱ ላይ ደግሞ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ይለጠፋሉ። ከ0.1 ማይክሮሜትር በታች ያለውን እጅግ ደቃቁን ብናኝ ሌዘሯ ጨርሶ አይደርስበትም። ስለዚህ በእገዳው ጊዜ ቁጥሩ ብዙ አልተለወጠም ማለት የምንተነፍሰው ነገር አልተለወጠም ማለት አይደለም፤ መርዛማነቱን ለማወቅ ብናኙን በማጣሪያ ሰብስቦ ላብራቶሪ ማስገባት ያስፈልጋል።

ባትሪዋ ደካማ ናት፣ ፋኗም ሌሊት ይሰማል። ከ5 ኮከብ 3 ተኩል እሰጣታለሁ። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ግዙ፣ የከተማችሁን አየር ለመፍረድ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ከገዛችሁ መስኮት ላይ አታስቀምጧት፣ የኔ ቦታዋ አሁን ከምድጃው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው፣ ቻርጀሯም ከዚያ አይነቀልም።