በ«ብላክ ፓንተር» ጉዳይ ከሃያሲው ጋር አልስማማም
ፒያሳ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ አንድ ሃያሲ «ብላክ ፓንተር» የተባለውን ፊልም ልብስ ብቻ ነው፣ ታሪክ የለውም ብሎ ሲያጣጥለው አነበብኩ። ኧረ ባክህ! ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ ቤት ለሦስተኛ ጊዜ አይቼው ገና አልወጣልኝም። ልብሱ ራሱ እኮ ታሪክ ነው። አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ሸክላ ያደረገውን ሽማግሌ ሳይ የኛዎቹ ሙርሲዎች ትዝ አሉኝ (በእርግጥ እነሱ ጋ የሚያደርጉት ሴቶቹ ናቸው)፤ የአልባሳት ዲዛይነሯ ሩት ካርተርም በ2019 እ.ኤ.አ. ኦስካር የወሰደችው እንዲሁ አይደለም። ደግሞ ኪልሞንገርን የመሰለ ባላንጣ የት ይገኛል? የዋካንዳን (የፊልሙን ምናባዊ ሀብታም የአፍሪካ አገር) ሰዎች ይህን ሁሉ ሀብት ይዛችሁ ወገናችሁ ሲሰቃይ የት ነበራችሁ ነው የሚላቸው። ቤቱ ሁሉ ጭጭ አለ። መጨረሻ ላይ ሐዲዱ ላይ ያለው ድብድብ ግን ፕሌይስቴሽን ይመስላል፣ እሷን ለሃያሲው ትቼለታለሁ።