አይ ኢ ኤስ ቤተ መጻሕፍት ላላችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ቴሲሴን ዛሬ አስረክቤ መጣሁ። ዲፌንሱ ገና ነው፤ ምስጋናውን ግን እስከዚያ ማቆየት አልቻልኩም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም (አይ ኢ ኤስ) ቤተ መጻሕፍት፣ በተለይ ለንባብ ክፍሉ ሠራተኞች፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

ጅማ አካባቢ፣ አጋሮ፣ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት ነኝ፤ ማስተርሴን የምማረው በክረምት ነው። ርዕሴ በ1950ዎቹ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረው ቡና ንግድ ነው። የክረምት ተማሪ የሆነ ያውቀዋል፤ ጊዜ የለንም። «ነገ ነይ» የተባልሽ ቀን አንድ ምዕራፍ ወደቀ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ «ነገ ነይ» ጠግቤያለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የድሮ የቡና መዛግብት አሉት ተብዬ ሄድኩ። መጀመሪያ ኃላፊው ስብሰባ ገቡ። ቀጥሎ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄደ። ከዚያ የደብዳቤዬ ማኅተም ደብዝዟል ተባለ። ስንት ተለምኖ በሩ ሲከፈት መዝገቡ ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ደረጃ ሥር ተጥሏል፤ ዝናብ ገብቶበት ገጹ ከገጹ ተጣብቋል። ያስገባኝ ልጅ ጠጋ ብሎ «ለሻይ የምትይው ካለ ደህና ደህናውን እመርጥልሻለሁ» አለኝ። አልቅሼ ነው የወጣሁት። ሌላ ቦታ ደግሞ አንዲት ሠራተኛ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «የለም» አለችኝ። ምን እንደምፈልግ ገና አልነገርኳትም እኮ!

አይ ኢ ኤስ የሄድኩት እንዲህ ተሰላችቼ ነው። ግቢው የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው፤ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት። ተቋሙ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ብዙ ሰው ሙዚየሙን ጎብኝቶ፣ የንጉሡን መኝታ ቤት አይቶ ይመለሳል፤ ተቋሙ እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት እንዳለው አያውቅም። የብራና መጻሕፍት በሉ፣ ነጋሪት ጋዜጣ በሉ፣ የድሮ አዲስ ዘመን በሉ፣ ፈረንጅ ስለ አገራችን የጻፈው በሉ። ለመማሪያ መጽሐፍ እዚያው ግቢ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ፤ ነገሩ ስለ ኢትዮጵያ ከሆነ ግን ወደዚህ ኑ።

ከአንድ ውጭ አገር ከታተመ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ስም ቀድቼ ነበር። ያንኑ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ሞልቼ ለንባብ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ለጋሼ፣ ሰጠኋቸው። (ስማቸውን አልጽፍም፤ እንደማይወዱት አውቃለሁ።) እኔ «የለም» ለመባል ተዘጋጅቼ ቆሜያለሁ። እሳቸው ወረቀቱን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ እኮ አባትየው ነው። ፈረንጆቹ ገልብጠውት ነው። እኛ ጋ ሰው የሚቀመጠው በራሱ ስም ነው» ብለው በገዛ እጃቸው አስተካክለው ገቡ።

ሲመለሱ መጽሐፉን ብቻ አልነበረም የያዙት። ከሥሩ ያልጠየቅኩት ቀጭን ጥራዝ አለ፤ በታይፕራይተር የተመታ ሲኒየር ኤሴይ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ማለት ነው። አንድ የታሪክ ተማሪ በዘመኑ ጅማ ድረስ ወርዶ፣ ቡና ነጋዴዎችን አንድ በአንድ አነጋግሮ የጻፈው። ከኋላው የተጠያቂዎቹ ስም ከነዕድሜያቸው ተዘርዝሯል። አገሬ ስመለስ ጠየቅኩ፤ አንዳቸውም በሕይወት የሉም። እኔ ከየት አገኛቸው ነበር? የመደርደሪያውን ቁጥር አሠራር ጋሼ ደጋግመው አስረድተውኛል፤ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። እንዴት እንዳስታወሱት ስጠይቃቸው ግን «ቡና ስትዪ ትዝ አለኝ» ነው ያሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያልጨረስኩትን ጥራዝ ስሜን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ለጠዋት ያስቀምጡልኝ ጀመር። «በቃ ነገ ነይ» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ የምወጣበት ቦታ አገኘሁ በሉ። ሌሎቹም ሠራተኞች እንደዚያው ናቸው፤ ሰው አያመናጭቁም፣ ሰው አያጉላሉም።

አባቴ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጎረምሳ ሆኖ የኤንትሬ ጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ቡና ጭነው በጊቤ በረሃ ሲመላለሱ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን አዲስ ዘመን ላይ ያገኘሁትን የፈረሱላ ዋጋ ከግቢው ደውዬ አነበብኩለት። «ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። «እሱ የአዲስ አበባው ነው፤ አጋሮ ላይ ለገበሬው ይሄን ማን ከፍሎ ያውቃል?» ያቺን ንግግር ምዕራፍ ሦስት ውስጥ አስገባኋት። አሁን በደወለ ቁጥር «አማካሪሽ የእኔን ሰረዘው ወይስ አለ?» ይለኛል። አለ አባዬ፣ አለ።

በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በባህል፣ በየትኛውም የአገር ነገር ላይ የምትጽፉ ልጆች፣ እባካችሁ ሂዱ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ የትብብር ደብዳቤና መታወቂያ ያዙ። መጽሐፉ ወደ ቤት አይወጣም፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው፤ ስለዚህ በጠዋት ግቡ። ሲኒየር ኤሴዮቹን ሳትጠይቁ እንዳትወጡ፣ አደራ! ጋሼን ካገኛችኋቸው ደግሞ የአጋሮዋ መምህርት ሰላም ብላለች በሏቸው፤ የተጠረዘውን አንድ ኮፒ ይዤላቸው እመጣለሁ።