የፒክአፔን ሻሲ ላሳጠሩልኝ በያጅ ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

በአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያና በአካባቢው የምትኖሩ፣ የቆየ ፒክአፕ ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ባለፈው ወር መኪናዬን ሠርተው ያስረከቡኝን ኢትዮጵያዊ በያጅ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን ያለ ፈቃዳቸው እዚህ ማስፈር ስላልወደድኩ፣ እኔ እንደምጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1970 ሼቭሮሌ ሲ10 ነው። ረጅሙ ዓይነት በመሆኑ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 127 ኢንች፣ የጭነት ሳጥኑም 8 ጫማ ነበር። የዚያው ዘመን አጭሩ ሲ10 ደግሞ 115 ኢንች ሲሆን ሰብሳቢዎች ስለሚሻሙበት ዋጋው ከረጅሙ ይበልጣል፤ ስለዚህ ረጅሙን በቅናሽ ገዝቶ ከሻሲው፣ ማለትም መላውን መኪና ከሚሸከመው የብረት አጽም፣ መሃል 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማውጣት በዚህ አገር የተለመደ ሥራ ነው። የእኔ ምክንያት ከዚህ ያነሰ ነው፤ መኪናው ጋራዤ ውስጥ ሲገባ ጅራቱ ውጭ ስለሚያድር በሩ አይዘጋም ነበር። ጥንታዊ መኪና መነካት የለበትም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ነገር ግን ሳጥኑን ዝገት ስለጨረሰው መቀየሩ አልቀረም፣ ካልቀረ ደግሞ በአጭር ይቀየር አልኩ።

በመጀመሪያ የጠየቅሁት ሌላ ጋራዥ ሁለቱን የሻሲ ብረቶች ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ቆርጦ፣ ገጥሞና በይዶ በሁለት ቀን እንደሚመልስልኝ ነገረኝ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ምንም ሳይሉ አንድ ቁራጭ ብረት አንስተው በጠመኔ እየሣሉ አስረዱኝ። የሲ10 ሻሲ በአንድ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ቦይ የመሰለ ብረት ነው፤ ጭነት ሲበዛበት የላይኛውና የታችኛው ከንፈር ከሁሉ ይበልጥ ይጨነቃሉ፣ ቀጥ ያለ ቁርጥ ደግሞ ብየዳውን በሙሉ በአንድ ቦታ ላይ ያሰልፈዋል። እርሳቸው የላይኛውን ግማሽ በአንድ ቦታ፣ የታችኛውን ግማሽ ከዚያ ራቅ ብለው ቆርጠው ሁለቱን በአግድም መስመር ስላገናኟቸው፣ መጋጠሚያው የደረጃ ቅርጽ ያዘ። ከውስጥ በኩልም ጫፎቹ ሰያፍ የሆኑ ማጠናከሪያ ብረቶች አስገቡበት።

መቁረጫ ማሽኑን ከማንሣታቸው በፊት ግን ግማሽ ቀን የፈጀው ልኬት ብቻ ነበር። ሻሲውን በጠንካራ ማቆሚያዎች ላይ አስቀምጠው በውሃ ልክ አስተካከሉት፤ ከዚያም ቱንቢ እየጣሉ ነጥቦቹን በወለሉ ላይ በጠመኔ ካሰፈሩ በኋላ ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ ያለውን ሰያፍ ርቀት ለኩ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ የኋላው አክስል፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘው ብረት፣ ጠሞ ይቀመጣል፣ መኪናውም ወደ ጎን እየሳበ ጎማ ይበላል። ይህንኑ ልኬት ከቆረጡ በኋላ፣ ለጊዜው በሚይዝ የነጥብ ብየዳ ካያያዙት በኋላና በመጨረሻም ደግመው ሲለኩት በዓይኔ አይቻለሁ። ብየዳውንም አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ በትንሽ በትንሹ፣ እንዲቀዘቅዝ እየጠበቁ ነው የሠሩት፤ ለምን እንደሚዘገዩ ስጠይቃቸው «የሞቀ ብረት ሲቀዘቅዝ ይጎትታል ልጄ» አሉኝ።

የቆረጡበት ቦታም የታሰበበት ነው። የዚህ መኪና የኋላ አክስል በጥቅልል ሞላና በሁለት ረጃጅም ክንዶች የተያዘ ስለሆነ፣ ክንዶቹ ከተሰቀሉበት መስቀለኛ ብረት ፊት ለፊት ቆርጠው ሁሉም ነገር ሳይፈታ አብሮ ወደፊት እንዲመጣ አደረጉ፤ ከሻሲው የኋላ ጫፍም ለአጭሩ ሳጥን የሚተርፈውን ቀነሱ። የቤንዚን ታንከሩ በዚህ ሞዴል ጋቢና ውስጥ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ስለሚገኝ የነዳጁን መስመር መንካት አላስፈለገም። የፍሬን ቱቦው፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድና የኋላ መብራቱ ሽቦ ግን በልኩ ተሠርተዋል። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ራሳቸው አላሳጠሩትም፤ ሚዛኑን በማሽን ወደሚያስተካክል ልዩ ሱቅ ላኩት፣ ይህም ለእኔ እምነት የሚያሳድር ነገር ነበር።

ቅሬታ የለኝም ማለት አልችልም። ሥራው ከተባለው ቀን በሦስት ሳምንት ዘግይቷል፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው ጋራዥ ዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሆኖም ትናንት በ395 አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 65 ማይል ስነዳው መሪውን ለቀቅ ባደርግም ወደ የትም አልሳበም፤ ንዝረትም የለውም። የጋራዤም በር ተዘግቷል።

ወደ ጋሼ የምትሄዱ ከሆነ አጭሩን የጭነት ሳጥን አስቀድማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳጥኑ በሻሲው ላይ ተቀምጦ ጎማው በሳጥኑ የጎማ ቅስት መሃል መዋሉን ሳያዩ አይቆርጡም። ስልክም ከምሳ ሰዓት በኋላ ደውሉ፤ ጠዋት እየበየዱ ስለሆነ አያነሡም።